አልጋ ሰባት ምንድን ነው?

ባለቤቴ ሰውን የምታውቀው በስሙ ሳይሆን በአልጋው ነው። መንገድ ላይ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ስትመጣ ካየች ሮጣ ታቅፋታለች፣ ሕፃኑን ገልጣ ታያለች፣ ትመርቃለች። ሴትዮዋ ካለፈች በኋላ «ማን ናት?» ብዬ ስጠይቃት «አልጋ አራት ናት፤ ያቺ ሳቂታዋ» ትለኛለች።

«ስሟስ?»

«ስሟን ምን ያደርግልሃል? ይልቅ የልጁን ጉንጭ አላየህም?»

ባለፈው ጉንፋን ጥሎኝ በተኛሁ ጊዜ ሾርባ ይዛልኝ ገባችና «አልጋ አንድ፣ እስኪ ቀና በል» አለችኝ። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቁጥሩ እንኳ አልተሳሳተም።

ነርስ ናት። የምትሠራው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚታቀፉበት ክፍል ነው። ክፍሉ ከማዋለጃው ኮሪደር ጫፍ ያለ፣ ረጅምና ጠባብ፣ መስኮቱ ወደ ውኃ ታንከር የሚያይ ነው። እናቶቹ ትራስ ተደግፈው ጋደም ይላሉ፤ ሕፃናቱ ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ምንም ሳይለብሱ በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ተጣብቀው በጨርቅ ይታሰራሉ። የሚያሞቃቸው የእናታቸው ገላ ነው። ከውጭ ለሚያየው ሥራ አይመስልም፤ ሴቶች ተኝተው የሚያወሩበት ክፍል ነው የሚመስለው። እኔም መጀመሪያ ያየሁት ዕለት «እናንተ ምን ትሠራላችሁ?» ብዬ ለሁለት ቀን ኩርፊያ ተርፎኛል።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅም ያየው እንደ እኔ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሞልቶ ካርቶን ኮሪደር ላይ ሲቆለል፣ አንድ ጠዋት ሦስት ካርቶን ጓንት «ለጊዜው» ተብሎ እቅፍ ክፍሉ ገባ። «ለጊዜው» የሚባለውን ቃል መቼም መሥሪያ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከገባ አይወጣም። ከጓንቱ በኋላ ወረቀት መጣ፣ ከወረቀቱ በኋላ ቁልፉ የጠፋ የብረት ቁም ሳጥን መጣ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ባለቤቴን ቢሮው ጠራት።

«ሲስተር፣ እኔ የእናቶች ጠላት አይደለሁም» አላት። «ክፍሉ ግን ለዕቃ ያስፈልገኛል። እናቶቹ ወደ ትልቁ የወላዶች ክፍል ቢገቡ፣ አንድ ነርስ ሁሉንም በአንድ ዓይን ታያለች። በየፈረቃው አንድ ነርስ ብቻ ባለችበት ቤት እናቶችን ለብቻ ክፍል መስጠት ይበጃል የሚል ጥናት ካለ ያምጡልኝ። ስሜት አይደለም፤ ጥናት። ሰኞ ኮሚቴው ይሰበሰባል።»

እንግዲህ ዕለቱ ዓርብ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚመጣው። እሷ ግን በር ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ «አለኝ! አለኝ እኮ!» እያለች ገባች።

«ምኑ?»

«ጥናቱ ነዋ! እንደኛው ነርስ ያነሳቸው ቤት ነው የተሠራው። ለብቻ ክፍል ሲሰጣቸው እናቶቹ ራሳቸው እርስ በርስ እየተያዩ፣ ሕፃናቱም ቶሎ ክብደት እየጨመሩ ቤታቸው ሄዱ ይላል። በዓይኔ አንብቤዋለሁ። መደርደሪያችን ላይ አስቀምጬዋለሁ።»

መደርደሪያ የምትለው የእንጨት አይደለም። የእንጨት ቢሆን እኔ ሶፋ ሠሪው ባለቤቷ እዚህ ምን እሠራለሁ? ነገሩ የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እናት ጠያቂ ናት፤ ደረቷ ላይ የጣት ያህል ልጅ አስራ ስትውል ደግሞ ከመጠየቅ ሌላ ሥራ የላትም። ለምን ያስነጥሳል፣ ለምን አንድ ጆሮው ተጣጠፈ፣ እኔ ብስቅ ይደነግጣል ወይ። ባለቤቴ «አላውቅም» ብላ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ «ቆይ ላንብብልሽ» ትላለች። አብራት የምትሠራው ነርስም እንደዚያው ናት። ድምጿ ከኮሪደር ኮሪደር ስለሚሰማ «ደወል» ይሏታል። ሲያነቡ ሲያነቡ ያነበቡት እየጠፋባቸው ሲቸገሩ፣ የክፍሉ ወጣት ሐኪም በምሳ ሰዓት አንድ ድረ ገጽ አሳያቸው። ያነበብከውን ገጽ አድራሻ እዚያ ታስቀምጣለህ፤ ጓደኞችህም ከየስልካቸው ይጨምሩበታል፤ በእያንዳንዱ ላይ ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር መለያ ትለጥፋለህ። በኋላ መለያውን ስትነካው በዚያ ስም የተቀመጠው ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። መደርደሪያው ክፍት ስለሆነ የማያውቅህ ሰውም ከየትም ሆኖ ሊያየው፣ ከወደደ ለራሱ ሊወስድ ይችላል። «ከኛ ደግሞ ማን ምን ይወስዳል» ብለው ስቀው ጀመሩት።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሦስቱም አንድ ከረጢት ውስጥ እንዳሻቸው ሲጨምሩ ምን እንደሚባል ግን አባቶቻችን አልነገሩንም።

ቅዳሜ ከሰዓት ደወልና ዶክተሩ እኛ ቤት መጡ። እኔ የአንድ ወንበር ስፕሪንግ እያሰርኩ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ላፕቶፑን ከፈተች፤ መለያዎቹ በግራ በኩል ተደርድረው ወጡ። ጠጋ ብዬ አየሁና ዓይኔን ማመን አቃተኝ። «አልጋ አንድ፣ አልጋ ሁለት፣ አልጋ ሦስት» እያለ ይወርዳል። ከታች «በኋላ» የሚል አለ። አለቀ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«መለያ ነዋ።»

«አልጋ ሦስት ማለት ስለ ምን የተጻፈ ነው?»

«አልጋ ሦስት የጠየቀችው ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? አልጋ ሦስት ስትጠይቀኝ አንብቤ አልጋ ሦስት ላይ አደርገዋለሁ። ካርዷም ሙቀት መለኪያዋም በአልጋዋ አይደል የሚቀመጠው?»

በዋርድ ሁሉ ነገር በአልጋ ቁጥር ነው፤ መድኃኒቱም፣ ካርዱም፣ ጠያቂውም። ሃያ ዓመት እንዲህ የኖረ ሰው ለንባብ ሌላ ሥርዓት አለ ብሎ አያስብም። ችግሩ እናቶቹ ይሄዳሉ፣ አልጋው ግን አይሄድም። አንድ አልጋ ላይ ስንቷ ተኝታ ስንት ነገር ጠይቃ ሄዳለች! አልጋ ሦስትን ሲነኩት ስለ ማስነጠስ፣ ስለ ጡት ሕመም፣ ስለ መንታ፣ ስለ አማት ጸብ የተጻፈ ሁሉ ተንጋግቶ መጣ።

«እሺ፣ ጥናቱን ያስነበበሽ የማን ጥያቄ ነው?» አለ ዶክተሩ።

ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች። «የቀይ ሻርፗ። መስኮት ዳር የነበረችው። "ብቻችንን እዚህ ጥላችሁን ስትሄዱ ልጄ አንድ ነገር ቢሆንስ?" ብላ ጠየቀችኝ።»

«መስኮት ዳር አልጋ ሰባት ነው» አለች ደወል።

«እህ፣ አልጋ ሰባት።»

አልጋ ሰባት ተነካ። የለም። ከላይ እስከ ታች ሄዱ፣ ከታች እስከ ላይ ተመለሱ፤ የለም።

ደወል በድንገት ጭኗን መታች። «እትዬ! ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ቁጥሩ ተገልብጦ የለም እንዴ? ግድግዳው ሲደርቅ ከበሩ በኩል ነበር መቁጠር የጀመሩት!»

እኔ መዶሻዬን አስቀመጥኩ።

«ከቀለሙ በፊት ነው በኋላ ቀይ ሻርፗ የተኛችው?» አለ ዶክተሩ።

«በፊት መሰለኝ። አይ፣ በኋላ። ቀለሙ ሸቶኛል ብላለች፤ ግን እሷ ናት ወይስ ባለመንታዋ?»

«ባለመንታዋ ናት ቀለም የሸተታት። ቀይ ሻርፗን የሸተታት የኔ ሽቶ ነው» አለች ደወል። «ሽቶሽ ለልጄ አይሆንም ብላ አባራኛለች።»

«ደግ አደረገች።»

«እትዬ!»

ይኸውላችሁ እንዲህ ነው የዋሉት። የመስኮት ዳሩ አልጋ በአሮጌውም በአዲሱም ቁጥሩ ተፈተሸ፤ ግን አንዳንዱን ከቀለሙ በኋላ ደወል «ላስተካክል» ብላ አዛውራው ኖሮ፣ ግማሹን አዛውራ ግማሹን ደክሟት ትታዋለች። አሁን የትኛው በአሮጌው ቁጥር፣ የትኛው በአዲሱ እንደሆነ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን አፍሳ ግማሹን ብቻ ነው የለቀመችው።

«"በኋላ" የሚለው ምንድን ነው?» አልኩ፣ ተስፋ ቆርጬ።

ዶክተሩ አንገቱን አሻሸ። «እሱ የኔ ነው። ርዕሱ ደስ ያለኝን በኋላ ላነበው...»

«አንብበህ ታውቃለህ?»

«በኋላ» አለች ደወል፣ በእሱ ፈንታ። እሱን ሲነኩት ማብቂያ የሌለው ሆነ። የሱፍ ሹራብ አሠራር ሳይቀር ወጣ።

«ሹራቡ የማን ነው?»

«የሕፃን ኮፍያ ነው!» አለ ዶክተሩ ተቆጥቶ። «ሳይንስ ነው!»

እኔም ልርዳ ብዬ «ለምን በርዕስ አትለዩትም? ሙቀት፣ ጡት፣ ክብደት እያላችሁ» አልኩ። ያን ጊዜ ደግሞ ምን ሙቀት ይባላል፣ ምን ክብደት ይባላል የሚል ክርክር ተነሳ። ደወል «ሙቀት የሌለው ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ ምን አለ?» አለች። ሁሉም ሙቀት ሊሆን ሆነ። ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ውልቅ አለ። በልቤ ደግሞ ቀይ ሻርፗን አስባታለሁ፤ ሰኞ ይህ ነገር ባይገኝ፣ እንደሷ ያለች እናት የትልቁ ክፍል ጫጫታ መሐል ጡቷን በነጠላ ሸፍና፣ ልጇን ማሰር አፍራ፣ ሕፃኑ ብርድ ሲመታው ይታየኛል። ባለቤቴ የነገረችኝ ነው፤ እቅፍ ክፍሉ ከመከፈቱ በፊት እናቶች በሰው ፊት ደረታቸውን ገልጠው መዋል እያፈሩ ሕፃናቱን ከደረታቸው ፈትተው ያወርዷቸው ነበር።

ባለቤቴ ላፕቶፑን ልትዘጋው እጇን አነሳች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ግን የምታለቅስ ሴት አይደለችም፣ ስለዚህ ተናደደች። «ለዚህ ነው እንግዲህ ስንት ዓመት ያነበብነው? ያነበብነውን ማግኘት ካልቻልን ካላነበበው ሰው በምን ተሻልን?»

«ቆይ እትዬ» አለች ደወል። «ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?»

ከእያንዳንዱ ገጽ ስም አጠገብ ትንሽ ቁጥር ነበረች። ዶክተሩ አየና «ሌላ ስንት ሰው እንዳስቀመጠው ነው» አለ። «ተመልከቱ፣ ይሄን አንድ ሌላ ሰው አስቀምጦታል። ይሄንንም አንድ። ይሄንንም...» ገጹን ወደ ታች ሳበው። «ሁሉንም አንድ ሰው ነው።»

ነካው። ሌላ መደርደሪያ ተከፈተ። የመደርደሪያው ባለቤት ስሙን አልጻፈም፤ «ነጭ ጫማ» ብሎ ብቻ ነው ራሱን የጠራው። በእኛው ቋንቋ የተጻፈ ነው። መለያዎቹ ቃል አይደሉም፤ ጥያቄ ናቸው። «ሕፃኑ በቂ እንደሞቀ በምን ይታወቃል?» «እናት ስትደክም ማን ይቀፈው?» «አባትስ ማቀፍ ይችላል?» በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር ጥቂት ገጾች፣ በእያንዳንዱ ገጽ ሥር አንዲት መስመር ማስታወሻ።

ደወል ጮኸች። «ይሄ እኮ የኛ ነው! የኔ የጡት ሕመም! የእትዬ መንታ! ሰውዬው ሙልጭ አድርጎ ወስዶናል!»

«አልወሰደብሽም፣ ያንቺ እዚያው አለ» አለ ዶክተሩ።

«የሹራቡንም ወስዶታል?»

«የሹራቡንም።» ፊቱ በራ። «"ኮፍያውን በቤት መሥራት ይቻላል?" በሚለው ሥር አድርጎታል።»

ባለቤቴ ግን አትሰማቸውም። ጣቷ ወደ ታች እየሄደ ነው። ቆመ። «አንድ ነርስ ብቻ ስትኖር እናቶች ለብቻ ክፍል ይኑራቸው?» የሚል ጥያቄ ነበር። በሥሩ ያለው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ጥናቱ። ከሥሩ ማስታወሻ አለ፦ «አዎ። አንዷ እናት የሌላዋን ልጅ ትጠብቃለች። ይህን ላስቀመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ እኔም ብቻዬን ነኝ።»

ደወል እንኳ ዝም ስትል ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ጥጌ ላይ ሆኜ አመሰገንኩ። ማንን እንዳመሰገንኩ መናገር አያስፈልገኝም። እነሱ ማንም አያየንም ብለው እንደ ገለባ የበተኑትን፣ የት እንዳለች የማናውቃት አንዲት ሴት ለቅማ፣ አበጥራ፣ በጊዜው መለሰችላቸው።

«አንዲት ሴት» ያልኩት ባለቤቴ ስላለች ነው። «ሴት ናት፣ ነርስ ናት» አለች። «ነጭ ጫማ ተጫምቶ ቀን ሙሉ የሚቆም ሌላ ማን አለ?»

«ይቺን ደግሞ እዩልኝ» አለች ደወል፣ ድምጿ ተመልሶላት። ከጥያቄዎቹ ሁሉ መጨረሻ አንድ የተለየ መለያ ነበር። «አልጋ ሰባት ምንድን ነው?» ይላል። በሥሩ የሽቶ ጉዳት፣ የአማት ጸብና የቀለም ሽታ ተደባልቀው ተቀምጠዋል። ምስኪን፣ ለረጅም ጊዜ ምስጢሩን ለመፍታት ታግላ፣ ያልገባትን ሁሉ እዚያ ከታዋለች።

ሳቁን ተዉት። ደወል ከሶፋዬ ላይ ልትወድቅ ነበር፤ ገና ስፕሪንጉን ያላሰርኩት ሶፋ ነው።

ሰኞ ባለቤቴ ነጩን ጋውን ተኩሳ፣ ጥናቱን አሳትማ ሄደች። ኮሚቴው ፊት የሆነውን የነገረችኝ ማታ ራት ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ተቀብሎ መጀመሪያ የት እንደተሠራ አየ፤ ቀጥሎ ስንት ነርስ እንደነበራቸው አየ። መነጽሩን አወለቀ። «ሲስተር፣ ይህን ያህል ጊዜ ይህን ይዘው ዝም አሉኝ?» አላት።

«ምን አልሽው?»

«አልጋ ላይ ጠፍቶብኝ ነው አልኩት። ደነገጠ።»

«ውሳኔውስ? አንቺ ሴት፣ ጎርሰሽ ጨርሺና ንገሪኝ!»

ክፍሉ ይቆያል ተባለ። ጓንቱና ወረቀቱ በዚያው ሳምንት ይወጣሉ። ሥራ አስኪያጁ እንዲያውም ለእናቶቹ መጋረጃ እንዲሰፋ አዟል። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ ላቅፋት ስል እጇን አወናጨፈችብኝ።

«ቁም ሳጥኑ ግን አይወጣም!» አለች፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ቁልፉ ስለጠፋ ውስጡ ያለው ንብረት አይታወቅም፤ ንብረቱ ካልታወቀ ርክክብ አይደረግም፤ ርክክብ ካልተደረገ አይነሳም! ለጊዜው እዚያው ይቆይ ተባለ። ለጊዜው!»

«ሴትዮ፣ ክፍሉን አግኝተሻል እኮ።»

«መስኮቱን ግማሹን ጋርዶታል!»

እንዲህ ናት። እግዚአብሔር በሰፊ እጁ ሲሰጣት ያልሰጣትን ትቆጥራለች፤ እኔ ደግሞ ለሁለታችንም አመሰግናለሁ። የትዳራችን የሥራ ክፍፍል ነው።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱም የነጭ ጫማን መንገድ ይዘዋል፤ ያስቀመጡትን ሁሉ በጥያቄ ይለያሉ። ዶክተሩ «በኋላ» የሚለውን ጨርሶ አልተወም፤ አሁን «በኋላ የማነበው ለምንድን ነው?» ይለዋል። ደወልም አልፎ አልፎ «ለራሴ ነው» እያለች የአልጋ ቁጥር ታስገባለች፣ ባለቤቴም ስታገኘው እየጮኸች ታወጣዋለች።

የዚያኑ ሰኞ ማታ ሳህኑን ካነሳን በኋላ ባለቤቴ ላፕቶፑን ከፈተች። ነጭ ጫማ ጥያቄዋን የጻፈችበት ቦታ ላይ መልስ መጻፊያ አለ። ባለቤቴ ለምስጋና ቃል ስትፈልግ ቆየች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ጻፈች። መነጽሯን እኔው ጠረግሁላት። በመጨረሻ «ተወው፣ የጠየቀችውን ልመልስላት» አለችና አንድ መስመር ብቻ ጽፋ ዘጋችው።

«አልጋ ሰባት መስኮት ዳር ያለው ነው፤ ዛሬም እናት ተኝታበታለች።»